ቅድሚያ ስጥ

መስቀል አደባባይን የውጭ ሰው ያወቀው በደመራ ብቻ አይደለም። ከቦሌ፣ ከስታዲየም፣ ከእስጢፋኖስና ከመሿለኪያ የሚመጣው መኪና መብራት በሌለበት በዚያ ሰፊ አስፋልት ላይ በአንድ ጊዜ ሲተላለፍ ከፎቅ ሆነው የቀረጹት ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ስንቱን አስቋል። መሀል ላይ ሆነን ስንነዳ ለነበርነው ግን ያን ያህል ጉድ አልነበረም። ማንም አይሮጥም። አንዱ አፍንጫውን ያስገባል፣ ሌላው ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፣ ሦስተኛው በመስኮት እጁን አውጥቶ «እለፍ!» ይላል። ከሩቅ ለሚያይ ያስፈራ ይሆናል፤ ለሚነዳ አያስፈራም ነበር። ለሚሻገረው እግረኛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ያው አደባባይ «አብዮት» በሚባልበት፣ ቤንዚን በኩፖን በሚቀዳበት ዘመን ነው። ያኔ መንገዱ ላይ የነበረው ቮልስ፣ ፔዦ፣ ፊያት፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ የሚቀመጥበት ውይይት፣ ቀይና ቢጫው አንበሳ አውቶቡስ ነው። መብራት ያለበት መስቀለኛ በጣት የሚቆጠር ነበር። መንዳት ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሹፌር «ልጄ፣ ፍሬቻውን አትመን፤ ፊቱን እይ» ይሉኝ ነበር። ሰው ግራ ፍሬቻ አብርቶ ቀኝ ይታጠፋል፤ ዓይኑ ግን የሚሄድበትን ነው የሚያየው። ይቺ ምክራቸው ከመማሪያ ደብተሩ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ አትርፋኛለች።

መብራት በሌለበት ትራፊኩ ነበር። ፊሽካውን ጥርሱ ላይ ነክሶ፣ በአንድ እጁ አቁሞ በሌላው እየጠራ፣ የየትኛው መንገድ ሰልፍ እንደረዘመ አንገቱን አዙሮ እያየ ያሳልፋል። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚገዛው ሴንሰር የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ የት ብዙ መኪና እንዳለ አይቶ ጊዜውን ለዚያ መስጠት። በዚያ ላይ ትራፊኩ የሠፈሩን ሹፌር በታርጋው ስለሚያውቅ፣ ትናንት ጥሶ ያመለጠውን ዛሬ በሰላምታ ያቆመዋል።

ያም ሆኖ ድሮ ሁሉም ተከባብሮ ያልፍ ነበር የሚል ካለ አልስማማም። ጥቁር የባለሥልጣን መኪና ብቅ ሲል የትራፊኩ እጅ ወዲያው ይዞራል፤ ሌላው ሰልፍ ቢረዝምም ባይረዝምም። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው በስድስት ኪሎ በኩል ለሚወርዱት እናቶች ግን ማንም ፊሽካ ሲነፋ አላየሁም። መኪና እስኪሳሳ ጠርዙ ላይ ጎብጠው ይቆማሉ። ሸክሙን አውርደው እንዳይጠብቁ መልሶ የሚያሸክማቸው ሰው የለም።

ከዚያ መኪናው በዛ። አደባባይ ደግሞ ደግነቱ እስከ ልኩ ድረስ ነው። ውስጥ ያለው ቅድሚያ አለው፣ የሚገባው ይጠብቃል፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ መኪና ጥቂት ሲሆን ከመብራት የተሻለ ይሠራል። ከአምስት መንገዶች የአንዱ መውጫ ሲዘጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደዚያ የሚወጣው ቀለበቱ ውስጥ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ወደ ሌላ መውጫ የሚሄድ ቢሆንም አብሮ ይቆማል፣ ከውጭ ያለው ደግሞ «ብጠብቅ ማን ያስገባኛል» ብሎ አፍንጫውን ይሰካል። ከዚህ በኋላ ሁሉም ትክክል ነው፤ ማንም ግን አይንቀሳቀስም። ሜክሲኮ ላይ፣ መገናኛ ላይ ክላክስ እየነፋን ያመሸንባቸው ቀናት ይመስክሩ።

ስለዚህ መንገዱ ይሻሻል ተባለ፤ ተሻሻለም። በ1990ዎቹ ቻይናዎች ቀለበት መንገዱን ሠሩልን። ያለ መብራት ከቃሊቲ መገናኛ መድረስ ሲቻል ተደስተናል፤ እኔም ተደስቻለሁ። ይሁን እንጂ መንገዱ ሠፈሩን ለሁለት ሰንጥቆ ስላለፈ፣ ማዶ ላለው ወፍጮ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን የእግረኛው ድርሻ የብረት ድልድይ መውጣትና መውረድ ሆነ። ድልድዩ የራቀበት ደግሞ የመሀሉን የኮንክሪት ግንብ በነጠላው እየዘለለ መሻገሩን ቀጠለ። «ሰዉ ሥርዓት የለውም» አልን፤ ከመኪናችን መስኮት ሆነን። የጎተራው ማሳለጫም ተከተለ። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ሳሪስ ልሂድ ብሎ የገባ ሌላ ጫፍ ላይ ብቅ ሲል ያላየ የለም፤ ከተለመደ በኋላ ግን ውሸት አልናገርም፣ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ብቻ ጎተራ ላይ የተረፈን ደቂቃ ወረድ ብሎ ያለው መስቀለኛ ይቀበለናል። አንድ መጋጠሚያ ሲሰፋ ሰልፉ ወደሚቀጥለው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ በየቀኑ በሥራ መውጫ ሰዓት መንዳት ይበቃል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ መታጠፊያዎቹ ሳሱ። ከመገናኛ እስከ አያት ሐዲዱ መንገዱን መሀል ለመሀል ከፍሎታል። ማዶ የሚታየኝ ዳቦ ቤት ለመድረስ አልፌው ሄጄ፣ ዞሬ፣ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። የሜክሲኮው አደባባይ ለዚሁ ባቡር ሲባል ፈረሰ። ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወረራውን አላውቅም ብላ ከጎናችን ስለቆመች ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲ «ኢትዮጵያ» የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እስከ ዛሬ አለ። የእነሱ ባቡር ስማችንን ይጠራል፣ የእኛው ባቡር አደባባያቸውን አፈረሰ።

አሁን ዘመኑ የመብራት ነው። ከቀዩና ከአረንጓዴው ጎን ሰከንድ የሚቆጥሩት ሲተከሉ እፎይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስንት እንደቀረኝ ማወቅ ደግ ነገር ነው። ከወራት በኋላ ግን የታዘብኩት ሌላ ነው። ቀዩ ሦስት ላይ ሲደርስ ከኋላዬ ክላክስ ይጀምራል። አረንጓዴው አምስት ላይ ሲደርስ ከሩቅ የሚመጣው ሚኒባስ ፍሬን በመርገጥ ፈንታ ነዳጅ ይረግጣል። አንዱ ሰዓቱ ሳያልቅ ይነሳል፣ ሌላው ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ይገባል፤ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ቁጥሩን እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም።

የሰዓት አሞላሉም አለ። መብራት ሲለቅ የመጀመሪያው ሹፌር ነቅቶ እስኪነሳ ሁለት ሰከንድ ያህል ይባክናል፤ ከዚያ በየሁለት ሰከንዱ በአንድ ረድፍ አንድ መኪና ያልፋል። የ30 ሰከንድ አረንጓዴ፣ ሁሉ ነገር ቢቀና፣ በአንድ ረድፍ 14 መኪና ያሳልፋል ማለት ነው። ሰልፉ 40 ከሆነ ሦስት ዙር ትጠብቃለህ። ማዶ ባለው መንገድ አንድም መኪና ባይኖር፣ ሰዓቱ አንዴ የተሞላ ከሆነ ለባዶው አስፋልትም እኩል አረንጓዴ ይበራለታል። ይህን አይቶ ነው ትራፊኩ መብራቱ ሥር ገብቶ በእጁ የሚያሳልፈን። ሕጉም የትራፊኩ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል ይላል። አረንጓዴ በርቶልኝ እጁን ሲዘረጋብኝ ለአፍታ ግራ እጋባለሁ፤ ቀይ በርቶ «ና!» ሲለኝ ደግሞ የጣሰውን የሚቀርጸው ካሜራ ይህን እጅ አብሮ ያየው ይሆን እያልኩ አልፋለሁ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋማ ሁላችንም ወደ 1970ዎቹ እንመለሳለን፤ ልዩነቱ ፊት ማየት የሚያውቁት ሹፌሮች ማርጀታቸው ነው።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛውን መንገድ አስፍቷል፤ ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠውን ጉዞ በእግሩ እንደሚሄድ ለማስታወስ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ እንጂ። አራት ኪሎ ላይ እግረኛው በምድር ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ያምራል። ያም ሆኖ ከላይ በቀጥታ የሚያልፈው መኪናው ነው፣ የሚወርደውና የሚወጣው ባለ እግሩ። ዜብራ ባለበትም ቢሆን ሂሳቡን ሥሩት። 20 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት ጤነኛ ጎልማሳ በ17 ሰከንድ አካባቢ ይሻገረዋል። ምርኩዝ የያዙ እናት 25 ይፈጅባቸዋል። የእግረኛው አረንጓዴ ለጎልማሳው የተሞላ ከሆነ፣ እሳቸው ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የእኛ ይበራል። ድሮ ቢያንስ ሞተር ሲነሳ ጆሮ ይሰማ ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪኩ መኪና ኮሽ ሳይል ነው አጠገባቸው የሚደርሰው።

የጎረቤቴ ልጅ ከእነዚህ ዝም ካሉት አንዷን ይነዳል። በቀደም ካዛንቺስ ይዞኝ ሲወርድ መብራት ያዘንና፣ ቁጥሩ ከ90 ወደ ታች ሲወርድ እያየ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ይሄ ሁሉ ሳይኖር እንዴት ነበር የምታልፉት?»

«‹እለፍ›፣ ‹አንተ እለፍ› እየተባባልን።»

«ታዲያ ማን ነበር ቀድሞ የሚያልፈው?»

«ባለ ትልቁ መኪና» አልኩት። ሳቀ። ወዲያው አረንጓዴ ሆነ፤ ከግራ ቀዩን ጥሶ የመጣ ሲኖትራክ አሳለፈና ተነሳ።