27 ከ28 ሲበልጥ

በብስክሌት ጎማ ዓለም 27 ከ28 ይበልጣል። አትሳቁ፣ የምሬን ነው! የድሮ ኮርስ ብስክሌት ላይ «27» የሚባለው ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 630 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬዎቹ ኮርሶች በብዛት የሚጫሙት 700ሲ፣ አንዳንድ ቦታ «28» እየተባለ የሚሸጠው ማለቴ ነው፣ 622 ነው። ሃያ ሰባቱ ሃያ ስምንቱን በ8 ሚሊ ሜትር ያስከነዳዋል። ጋዜጠኝነት ስንማር «ቁጥር አይዋሽም» ይሉን የነበሩት መምህር አንድ ቀን ናዝሬት መጥተው ጎማ ቢገዙ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ቤታችን የገባው በአጎቴ ራሌይ በኩል ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ከአዳማ ሞጆ፣ ሲያሻው ደግሞ መቂ ድረስ የሚነዳት ብስክሌት ናት። እሱ ካረፈ በኋላ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ከረመች። ባለፈው ክረምት የ15 ዓመቱ የልጅ ልጁ «የባጃጅ ሒሳብ መረረኝ» ብሎ አወረዳት። ጎማዋ እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ልጁ አንድ ሱቅ ሄዶ «ለትልቅ ብስክሌት» ቢል፣ «28 ነው፣ ልክክ ይልልሃል» ተብሎ የፊኒክስ ጎማ ይዞ መጣ። እውነትም ሰተት ብሎ ገባ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ የፊቱ ጎማ ከቸርኬው ወጣ፣ ከመነዳሪው እንደ ርችት ጮኸ፣ የልጁ የእጅ አንጓ ተሰበረ።

ቤተሰቡ ማን ላይ ፈረደ መሰላችሁ? ብስክሌቷ ላይ! «ለቆራሌው ትሰጥ» ተባለ። የአጎቴ ሚስት ብቻ ዝም አሉ።

እናላችሁ እኔ ደግሞ ሙያዬ ሆኖ ማጣራት ጀመርኩ። ለካ ሁለት «28» አለ። አንደኛው ያ 622ቱ ነው። ሁለተኛው በፊኒክስና በመሰል ከባድ ብስክሌቶች ላይ ያለው 28×1½ ሲሆን እሱ 635 ነው። የኛ ቸርኬ 630፣ የተገዛላት ጎማ 635። አምስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ግን የጎማው ጠርዝ ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ አለ፤ ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚያቆየው ያ ሽቦ ጥብቅ ብሎ መቀመጡ ነው። ከላላ፣ በደንብ የተነፋ ከመነዳሪ ገፍቶ ያስወጣዋል።

ይሄ ሁሉ ዝብርቅርቅ ከየት መጣ? ድሮ ኢንቹ የሚለካው ቸርኬውን ሳይሆን የተነፋውን ጎማ ከውጭ ነበር። ፈረንሳዮቹም እንደዚያው፦ 700 ማለት የውጩ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኤ ቀጭን ጎማ፣ ቢ መካከለኛ፣ ሲ ወፍራም። ጎማው ሲወፍር የውጩ ልክ እንዳይለወጥ ቸርኬው ያንሳል። በኋላ ጎማዎቹ እየቀጠኑ ሄዱ፣ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ 700 የተባለው ጎማ ብዙውን ጊዜ 700 አይሞላም። 26 ላይማ አትምጡብኝ! የማውንቴኑ 26×1.95 ልኩ 559፣ የድሮው 26×1⅜ ደግሞ 590 ነው። በነጥብ የተጻፈና በክፍልፋይ የተጻፈ አንድ ይመስላል፤ አይደለም።

ስለዚህ ኢንቹን እንደ ቅጽል ስም ቁጠሩት። መታወቂያው ጎማው ጎን ላይ በትንንሹ የተጻፈው ነው፣ ለምሳሌ 32-630። የፊተኛው የጎማው ውፍረት፣ የኋለኛው የቸርኬው ልክ። የዓለም አቀፉ ደረጃ፣ አይሶ 5775፣ የሚለው ይሄንኑ ነው።

ጽሑፉ ከጠፋስ? የሰፈራችንን ጎሚስታ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ልጄ፣ ጎማ በዓይኔ ነው የማውቀው።»

«ጋሼ፣ 5 ሚሊ ሜትር በዓይን ይታያል?»

«አይታይም። በእጅ ግን ይታወቃል። ያለ ብረት፣ ያለ ትግል የገባ የኮርስ ጎማ አልወድም።»

ይኸው! እኔ ሳምንት ሙሉ የፈለግኩትን እሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት። (ሱቁ ቀርቶ እሳቸው ጋ ቢሄድ ኖሮ…)

ከዚያ አብረን ለካን። በሲባጎ! ቸርኬው ላይ ከከንፈሩ ሥር ጎማው የሚቀመጥበትን እርከን ይዛችሁ አንድ ዙር ትጠመጥማላችሁ፣ መሐል ወዳለው ጎድጓዳ ሳታስገቡ። ከዚያ ሲባጎውን ዘርግታችሁ በልብስ ሰፊ ሜትር ትለካላችሁ። 622 ወደ 195.4 ሴንቲ ሜትር፣ 630 ወደ 197.9፣ 635 ወደ 199.5 ይመጣል። ዲያሜትሩን ለመለካት ስትታገሉ የሚያመልጣችሁ 8 ሚሊ ሜትር በዙሪያው 25 ይሆናል፤ ለመሳሳት ያስቸግራል። የኛ 198 ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እዩ፦ ቸርኬው ከንፈር አለው? ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት ኦሎምፒክ፣ ሲወዳደሩ የዘመኑ የውድድር ጎማ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነበር። እንዲህ ያለ ቸርኬ ከንፈር የለውም፤ ተራ ጎማ አይዝም። በየጓዳው የተሰቀሉ የድሮ ኮርሶች ላይ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

እንግዲህ ራሌይዋ ሁለት መንገድ አላት። አንዱ 622 ቸርኬ መግጠም ነው። የፍሬኑ ላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት፤ የኛ ፍሬን ይደርሳል፣ ለክተናል። ግን የዛሬ የኋላ ሞዞ ከድሮው ይሰፋል፣ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለተኛው ያው 630 ጎማ ማስመጣት። እነ ሽዋልቤና ኮንቲኔንታል አልተዉትም፤ ሽቦ ቢኖረውም ሦስት ዙር ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አጎቴ የነዳት ቸርኬ ገና ቀጥ ያለ ነው።

የልጁ ጀሶ ተፈትቷል። ብስክሌቷም ቆራሌው ጋ አልሄደችም፤ ሚስትየው ቁልፍ ገዝተው በሩ ላይ አሰሯት። ከውጭ የምትመጡ ካላችሁ 32-630፣ ሁለት ፍሬ። «27» ብቻ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ አደራ።