ማሊያ የለበሰ ሽማግሌ

የእግር ኳስ አሰልጣኝ በሱፍም ይምጣ በቱታ፣ ከተጫዋቹ ከሩቅ ይለያል። የቤዝቦሉ ግን ዕድሜው ሰባን ይለፍ፣ ሆዱ ቀበቶውን ይሻገር፣ የልጆቹን ማሊያ ከነቁጥሩ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል። ዶን ዚመርን ካወቁ በኋላ ግን ለዚህ ሰው ሌላ ልብስ ምን ያደርግለታል ያሰኛል።

ዚመር ለብሩክሊን ዶጀርስ የፈረመው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በ1951 ያገባውም ኤልማይራ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ፣ ሜዳው ውስጥ፣ መቺው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። (ሙሽራዪቱ ምን አለች ይሆን?) በ2014 ሲሞትም የታምፓ ቤይ ቡድን አማካሪ ነበር። እዚያ ሳለ የማሊያውን ቁጥር በየዓመቱ አንድ ይጨምርበት ነበር፤ በሙያው የቆየባቸውን ዓመታት መቁጠሩ ነው። 66 ላይ ቆመ።

ተጫዋችነቱ የሚያስቀና አልነበረም። ሁለተኛ ቤዝም ሦስተኛም፣ በመካከላቸውም፣ ሰው በጎደለበት ይሰለፋል። በ1962 በኒው ዮርክ ሜትስ 34 ጊዜ በተከታታይ ለመምታት ሞክሮ አንዱም አልሰመረለትም። በዚያ ላይ ጭንቅላቱ አለ። በ1953፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ የተወረወረ ኳስ ጆሮ ግንዱ ላይ አርፎ ለ13 ቀን ያህል ራሱን አሳተው፤ ያኔ የራስ ቁር ግዴታ አልነበረም። ሐኪሞች ራስ ቅሉን በስተው ቀዳዳዎቹን ታንታለም በሚባል ብረት ደፈኑለት። በ1956 ደግሞ ሌላ ኳስ የጉንጩን አጥንት ሰበረው። ተመልሶ ተጫወተ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወድለት የጥቅምት 1955ቱን ነው። ብሩክሊን ከያንኪስ ጋር ለዋንጫ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ደርሷል። ሁለተኛ ቤዝ ላይ የተሰለፈው ዚመር በስድስተኛው ዙር ተቀየረ። በእሱ ቦታ የቡድን ጓደኛው ጊሊያም ከግራ መስመር መጣ፤ ወደ ግራ መስመር ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ገባ። ወዲያው የያንኪሱ ዮጊ ቤራ ወደ ግራው ጥግ የላካትን ኳስ አሞሮስ ሮጦ ያዛት። ግራኝ ስለሆነ ጓንቱ በቀኝ እጁ ነበር፤ ጊሊያም ቢሆን ኖሮ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ መዘርጋት ነበረበት። ብሩክሊን 2 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ዚመር ያን ቀን ያሸነፍነው እኔ ስለወጣሁ ነው እያለ ሲያስቅ ኖረ። እኔ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም፤ የማን መውጣት ለማን ቦታ እንደሚከፍት ማየት የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

በሳንዲያጎ፣ በቦስተን፣ በቴክሳስና በቺካጎ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ያማረበት ግን ምክትልነቱ ነው፦ ከ1996 ጀምሮ በያንኪስ ከዋና አሰልጣኙ ከጆ ቶሬ ጎን ተቀምጦ አራት ዋንጫ በላ። በ1999 አንድ የራሱ ቡድን መቺ ያሳታት ኳስ እዚያው በተቀመጠበት ጭንቅላቱን ከጎን አገኘችው። ከዚያ በኋላ የያንኪስ ምልክት የተሳለበት የወታደር ብረት ቆብ ደፍቶ መጣ።