«ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው? ደካማ ጎንህስ?»



ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» እና «ደካማ ጎንህስ?» የሚሉት። የሙያ ጥያቄን አጥንቶ መመለስ ይቻላል። እነዚህ ግን ስለ ራሳችን ናቸው። ስለ ራስ መናገር ደግሞ ለብዙዎቻችን ከጽሑፍ ፈተናው ይከብዳል።

እኛ ላፍቶ አካባቢ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ግማሾቻችን ሥራ ፈላጊ፣ ግማሾቻችን አዲስ ተቀጣሪ ነን። እሁድ እሁድ ከዐስር ሰላት በኋላ ተሰብስበን አንዱ ጠያቂ ሌላው ተጠያቂ እየሆነ ቃለ መጠይቅ እንለማመዳለን። ማስታወቂያው ከአራት ኪሎ ሰሌዳ ይምጣ ከቴሌግራም፣ ቦታው የባንክ ይሁን የፋብሪካ፣ ልምምዳችን የሚቆመው ሁሌ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጋ ነው። ያገኘነው ነገር ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብለን ጻፍነው።

ሁለት ዓይነት መልስ በብዛት ሰምተናል። አንደኛው የሚያፍር መልስ ነው። ያደግነው ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልን ነው። እሱ ላይ ኪብርና ሪያእን መፍራት ይጨመራል። ስለዚህ ጥንካሬውን የተጠየቀ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ያው፣ ታታሪ ነኝ፤ በቡድን መሥራት እችላለሁ» ብሎ ይጨርሳል። ከእሱ በፊት የገባውም፣ ከእሱ በኋላ የሚገባውም ይህንኑ ይላል።

ሁለተኛው የተሸመደደ መልስ ነው። «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው»፣ «ሁሉ ነገር ፍጹም ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለው። ድክመት መስሎ የቀረበ ሙገሳ ነው። ጠያቂዎቹ በየቀኑ ይሰሙታል። «እስቲ ይህ የደረሰብህን አንድ ጊዜ ንገረን» ሲሉ መልሱ እዚያው ይፈርሳል። ከዚያ በላይ ግን እውነት አይደለም። ሐላል ሪዝቅ የሚፈልግ ሰው በሩን በውሸት ማንኳኳት የለበትም።

ውሸቱ ቢያልፍ እንኳ ብዙ አይሄድም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘን ሰው አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። በቃለ መጠይቁ የተባለው ሁሉ እነዚያ ቀናት ላይ ይፈተናል።

የሚያፍረውም የሸመደደውም የሚያጎድሉት አንድ ነገር ነው፤ ጠያቂው ማወቅ የፈለገውን አልነገሩትም። ጠያቂው «ለዚህ ሰው አማና ብንሰጠው ይወጣዋል ወይ?» እያለ ነው። ጥያቄውን እንዲህ ካየነው መልሱ ከቁርኣን ታሪኮች ሩቅ አይደለም።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በግብፅ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ ንጉሡን ሲጠይቁ ስለ ራሳቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠቀሱት፤ ጠባቂ መሆናቸውንና አዋቂ መሆናቸውን። ስለ መልካቸው አላነሱም፤ የነቢይ ልጅ መሆናቸውንም አላነሱም። ሥራው የሚፈልገው ንብረት የሚጠብቅና አያያዙን የሚያውቅ ሰው ስለነበር የተናገሩት ያንን ነው። ቅደም ተከተሉንም ልብ እንበል። ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ዘርተው፣ እህሉን ከነዛላው አስቀምጠው፣ ሰባቱን የድርቅ ዓመታት እንዴት እንደሚያልፉ አስቀድመው አስረድተው ነበር። ማስረጃው ቀደመ፤ ስለ ራስ መናገሩ ተከተለ።

ስለዚህ ጥንካሬን መናገር ሁሉ ራስን ማወደስ አይደለም። ሰው እንዲያደንቀን ካወራነው ያስፈራል። ኃላፊነት ሊሰጠን ያለ ሰው ጠይቆን እውነቱን ከነማስረጃው ከነገርነው ግን ጠያቂው እንዳይሳሳት እየረዳነው ነው።

ከመካከላችን አንዱ በአካውንቲንግ ተመርቋል። አባቱ ኃይሌ ጋርመንት ባለው የአትክልት ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት በጅምላ ይሸጣሉ። ይህ ልጅ ጥንካሬው ሲጠየቅ «ታታሪ ነኝ»፣ ልምድ ሲጠየቅ ደግሞ «የለኝም» ይላል። እኛ ግን የአባቱን የዱቤ ደብተር ለዓመታት የያዘው እሱ መሆኑን እናውቃለን። አንድ እሁድ ይዘነው ስለ ደብተሩ አስወራነው። «ቲማቲም የገባው ሌላ፣ የተሸጠው ሌላ፣ የበሰበሰው ሌላ ነው። ማታ ሦስቱን ለይቼ ካልጻፍኩ አባቴ ያተርፍ ይክሰር አያውቅም» አለን።

መልሱ ይኸው ነበር። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ጥንካሬዬ ሒሳብን በዕለቱ መዝጋት ነው። በቤተሰቤ የጅምላ ንግድ የገባውን፣ የተሸጠውንና የተበላሸውን በየማታው ለይቼ ለአራት ዓመት መዝግቤያለሁ። የዱቤ ደንበኞችንም እከታተል ነበር።» እዚህ ውስጥ አንድም የሙገሳ ቃል የለም፤ የሠራውን ነው የተናገረው።

እናንተም ፈልጉ። በረመዳን ለሰፈሩ ኢፍጧር ያስተባበረ አለ። ለመስጂድ የተሰበሰበ ገንዘብ በደረሰኝ የያዘ አለ። የእቁብ ጸሐፊ የሆነች፣ ሕፃናትን ቁርኣን የምታስቀራ፣ የታመመች እናቷን እያስታመመች ትምህርቷን የጨረሰች አለች። ደመወዝ ስላልተከፈለበት ብቻ ሥራ እንዳልሆነ አንቁጠረው።

ወደ ድክመት እንምጣ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ ሲታዘዙ ወንድማቸው ሃሩን ከእርሳቸው ይልቅ አንደበቱ የተፍታታ መሆኑን ገልጸው፣ ረዳት ሆኖ አብሯቸው እንዲላክ ለመኑ። ድክመታቸውን አልደበቁም። «አልችልም» ብለው ተልእኮውንም አልተዉም። የቱ ጋ እንደሚከብዳቸው ለይተው ተናገሩ፤ መፍትሔውን አብረው ጠየቁ፤ ሄዱም። ስለ ድክመት ለሚጠየቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘንም።

ከእህቶቻችን አንዷ ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል። በልምምድ ላይ «ድክመቴ ዓይን አፋርነት ነው» ትልና ዝም ትላለች። «እሺ፣ ምን እያደረግሽበት ነው?» ስንላት ብዙ ነገር ወጣ። የምትናገረውን አስቀድማ በሦስት ነጥብ ትጽፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በመድረሳ ለሴት ልጆች ማስተማር የጀመረችውም ሆን ብላ ፍርሃቱን ለመልመድ ነው። አሁን መልሷ ላይ ሁለቱንም ትጨምራለች። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በአንድ የግል ድርጅት ደንበኛ ታስተናግዳለች። ባለ ዱቤ ደብተሩ ወንድማችን ግን ሁለት ቦታ ተጠባባቂ ሆኖ ገና እየጠበቀ ነው። ጥሩ መልስ ሰበብ ነው፤ ሪዝቁ ከአላህ ነው።

ድክመታችን የሥራው ዋና ነገር ላይ ከሆነስ? ለምሳሌ ቁጥር የሚያምታታው ሰው ለገንዘብ ያዥነት ቢወዳደር? አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት ሲጠይቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዚያ ደካማ መሆናቸውንና ጉዳዩ አማና መሆኑን እንደነገሯቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አቡ ዘር ከታላላቆቹ ሰሐቦች አንዱ ናቸው። ለአንድ ቦታ አለመሆናቸው ክብራቸውን አልቀነሰውም። እኛም ድክመታችን የምንወዳደርበትን ሥራ የሚያበላሽ ከሆነ መደበቂያ ቃል ከመፈለግ የሚስማማንን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከድክመት ዝርዝር መውጣት አለበት። አንድ ወንድማችን በልምምድ ላይ «ድክመቴ ለሰላት ከሥራ መነሳቴ ነው» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ይህን እንዲል ያደረገው ሥራ የማጣት ፍርሃት ነው፤ አንፈርድበትም። ሰላት ግን ድክመት አይደለም፣ የሰዓት ጉዳይ ነው። ዙህር በምሳ ሰዓት ይሰገዳል፤ ዐስር ከሻይ ዕረፍት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፤ ለጁሙዓ ይበቃል። በግል ድርጅት ደግሞ ስለ ሥራ ሰዓት ሲነሳ በግልጽና በትሕትና መነጋገር፣ የሄደችውን ደቂቃም ማካካስ ነው። አሠሪ በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ያው አዋጅ ይከለክላል። ሒጃብም እንዲሁ፤ እህቶቻችን እንደ ጉድለት ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር አይደለም።

በልምምድ የጠቀመንን በአጭሩ፦

መጀመሪያ ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡ። ሥራው የሚፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች ለዩና ከሕይወታችሁ ለእያንዳንዱ አንድ የሠራችሁትን ነገር ፈልጉ። ለድክመት ደግሞ አንድ እውነተኛ ነገርና እያደረጋችሁበት ያለውን ያዙ። ከዚያ ያለፈ ኑዛዜ አያስፈልግም፤ ያለፈ ኃጢአታችሁን ማንም አልጠየቃችሁም፣ አላህ የሸፈነውን እናንተም ሸፍኑት።

ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት። ሐሳቡ ከጠራ ቀላል እንግሊዝኛ ይበቃዋል። ሐሳቡ ካልጠራ ግን የተሸመደደ እንግሊዝኛ አያድነውም።

በመጨረሻም ብቻችሁን አትለማመዱ። የአባቱን የዱቤ ደብተር ጥንካሬ ብሎ የቆጠረለት እሱ ራሱ ሳይሆን ጓደኞቹ ናቸው። ሰው የራሱን ነገር ለምዶት አያየውም። ሦስትም አራትም ሆናችሁ ተሰብሰቡ፣ ተጠያየቁ፣ አንዳችሁ ለሌላችሁ እውነቱን ተናገሩ።

አላህ ሥራ ለምንፈልግ ሐላል ሪዝቅ ይክፈትልን። ለተቀጠርነውም የተሸከምነውን አማና የምንወጣ ያድርገን። ኣሚን።