በሽርጤ ኪስ የቀረው ቀጠሮ

ዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነገር ነው። የማፍርበት ጉዳይ ቢሆንም፣ ከእናንተ መካከል አንዷን እንኳ የጠቀመ እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጻፍሁት።

በ2013 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስሠራ ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የክትትል ቀጠሮ ይዤ የክፍሌን ኃላፊ ፈቃድ ብጠይቀው፣ «ማሽንሽን ማን ሊይዝልሽ ነው? ከሄድሽ የቀኑ ደመወዝ ይቆረጣል» አለኝ። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሰሞን ነበር። እናቴም «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ በሽርጤ ኪስ ከተትሁና ወደ ማሽኔ ተመለስሁ። የሚቀጥለውንም ቀጠሮ እንዲሁ አሳለፍሁ።

ስምንተኛ ወሬን ስይዝ ፊቴና እጄ አበጠ። ጓደኞቼ «የእርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይጎድላል» አሉኝ። ቀጥሎ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። አንድ ቀን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ላስገባ ስል ዓይኔ ብዥ አለና መርፌው ሁለት ሆኖ ታየኝ። ጤና ጣቢያ ስደርስ የደም ግፊቴ 160 በ110 ነበር፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። ልጄ ቀኗ ሳይደርስ፣ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ሆና ተወለደች። ሳምንታት ሙሉ በደረቴ ላይ አቅፌ በገላዬ ሙቀት አቆየኋት። ዛሬ ደኅና ናት። ነገር ግን ሁለታችንም ልንቀር እንችል ነበር።

የእርግዝና ደም ግፊት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም። የሚያጋልጠው የግፊት መለኪያና የሽንት ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ፣ የመጀመሪያውንም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንድትታይ ያሳስባል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉ ያለ ክፍያ ነው። እንግዲህ እኔን ያጣላኝ ገንዘብ ሳይሆን የግማሽ ቀን ፈቃድ ነበር ማለት ነው።

ያም ፈቃድ ለካስ መብቴ ኖሯል! ልትጠይቀኝ የመጣች የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አምጥታ አንቀጽ 88ን አነበበችልኝ። አሠሪው ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ እርሷም የሐኪም ማስረጃ እንድታቀርብ ሊጠየቅ ይችላል። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። በአንቀጽ 87 መሠረት ደግሞ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

ይህ የአንድ አገር ቸርነት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የወሊድ ጥበቃን የሚመለከት የመጀመሪያ ስምምነቱን ያወጣው በተመሠረተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። አገራችን ድርጅቱን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 183ኛው ስምምነት ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ይደነግጋል። ከእርሱ ጋር የወጣው 191ኛው የውሳኔ ሐሳብም ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለአሠሪዋ አሳውቃ ለምርመራ ከሥራ ቦታዋ እንድትወጣ ይመክራል። የእኛ አዋጅ በፈቃድ ቀናት ከዚህ አያንስም። ጉድለቱ ያለው አዋጁን ባለማወቃችንና በመፍራታችን ነው።

ወደ ሥራ ስመለስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የአዋጁን ቅጂ ይዘን አስተዳደር ክፍል ገባን። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ፣ የቀጠሮ ወረቀት ያሳየች ነፍሰ ጡር ደመወዟ እንደማይቆረጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

እናንተም እህቶቼ፣ ቀጠሯችሁን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። ከተከለከላችሁ ለማኅበራችሁ ንገሩ፤ ማኅበር ከሌለ ለአካባቢያችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክቱ። የራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካያችሁ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ ካልተናገርን ግን የሚቀረው ሹመት ሳይሆን ሕይወት ነው።