ስለ ልብስ ቀለምና ስለ ሰው ፊት

አንድ የችሎት ጸሐፊ ስለ ልብስ ቀለም ሲጽፍ ብታዩ ምናልባት ትደነቁ ይሆናል። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ራሴ እደነቅ ነበር። ሥራዬ ከሳሽና ተከሳሽ የተናገሩትን ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ መጻፍ ነው እንጂ ስለ ጨርቅ መናገር አይደለም። ነገር ግን በቤቴ የደረሰው ነገር ትምህርት ያለበት ሆኖ ስላገኘሁት፥ ለቤተ ሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ ባወጣው አንዳንድ ባለትዳር ይጠቀምበት ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ቀለም የሚለውን ቃል አስቀድሜ የተማርሁት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። በእኛ ቋንቋ ቀለም ማለት የጨርቅና የአበባ መልክ ብቻ አይደለም፤ የሚጻፍበትም ቀለም ነው፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። የኔታ ብራና ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ስመለከት፥ ጥቁሩ ጽሕፈት በሞላበት ገጽ መካከል አንድ ቅዱስ ስም በቀይ ሲጻፍ፥ ቀዩ በቀንዱ ውስጥ ሳለ ከነበረው ይልቅ እጅግ ደምቆ ይታየኝ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ጎረቤቱ ነው ያደመቀው» አሉኝ። ይህን ቃል ለጊዜው እንደ ጨዋታ ቈጠርሁት።

ኋላ ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ የሥዕል መምህራችን ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ነገሩን። ሚሼል ኤውዤን ሸቭረል የተባለ የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1824 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በፓሪስ ሥዕል ያለበት የግድግዳ መጋረጃ በሚሠራበት በጎብለን ቤት የቀለም መንከሪያው ሹም ሆነ። በዚያም የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። እርሱም ነገሩን መርምሮ፥ ክሩ ጕድለት እንደሌለበት፥ ደካማ ያስመሰለው አጠገቡ የተሠራው ሌላው ቀለም መሆኑን ተረዳ። በ1839 ዓ.ም. ባሳተመውም መጽሐፍ፥ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሁለተኛውን መልክ በዓይናችን ዘንድ እንደሚለውጠው አስረዳ፤ በዚያው መጽሐፍ ስለ ልብስና ስለ ሰው ፊትም ጻፈ። እንግዲህ የኔታ በአንድ ቃል የተናገሩትን ሸቭረል በትልቅ መጽሐፍ ተናገረው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዮሐንስ ኢተን የተባለ የስዊስ ሠዓሊ ተነሣ፤ እርሱም ከ1919 እስከ 1923 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ በባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተማረ ነው። ተማሪዎቹ ደስ የሚላቸውን ቀለም እየመረጡ ሲያቀናጁ፥ የመረጡት ከገዛ ፊታቸውና ከጠጕራቸው መልክ ጋራ ብዙ ጊዜ እንደሚስማማ አስተዋለ፤ በ1961 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም ስለዚሁ ጻፈ፤ ቀለሞችንም በአራቱ ወቅቶች መስሎ አሳየ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ካሮል ጃክሰን የተባለች አሜሪካዊት ሰውን ሁሉ እንደ ቈዳው፥ እንደ ዓይኑና እንደ ጠጕሩ መልክ በአራት ወቅት ከፍላ፥ ለያንዳንዱ የሚስማማውን የልብስ ቀለም የሚያመለክት መጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉም እጅግ ብዙ ተሸጠ። በኋላ አራቱ ክፍሎች ወደ 12 ተበዙ፤ በዘመናችንም በደቡብ ኮሪያ ወጣቶች ገንዘብ እየከፈሉ የሚስማማቸውን ቀለም ያስመረምራሉ።

የልብስ ስፌት የምትማረው ልጄ ይህን ነገር ወደ ቤት ይዛ በመጣች ጊዜ ሳቅሁ። «ልጄ ሆይ፥ የእነርሱ ወቅት ከእኛ ወቅት ጋራ መቼ ይገጥማል?» አልኋት። በእነርሱ አገር መፀው ማለት ቅጠል ቀልቶና ቢጫ ሆኖ የሚረግፍበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የመፀው ሰው ለተባለው የዛገ ብረትና የደረቀ ቅጠል የሚመስል ልብስ ይመርጡለታል። በእኛ የቤተ ክህነት አቈጣጠር ግን ዘመነ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚቈይ ሆኖ የአበባና የእሸት ጊዜ ነው። የእነርሱ ክረምት ነጭ በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ደመና፥ ጭቃና ለምለም ሣር ነው። ደግሞም የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ጥቁሩን ሕዝብ አብዛኛውን በክረምት ክፍል አግብተውት ነበር። በእኛ ቤት ግን ከአንዲት እናት ከተወለዱት ልጆች አንዱ ቀይ፥ አንዱ የቀይ ዳማ፥ ሦስተኛው ጠይም ይሆናል፤ ከሁለት ጠይሞችም የአንዱ ፊት ወደ ወርቅ፥ የሁለተኛው ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል።

ልጄም «አባባ፥ ስሙን ይተዉትና ሥራውን ይመልከቱ» ብላ መለሰችልኝ። የነገሩም ሥር ሦስት ጥያቄ ብቻ እንደ ሆነ አስረዳችኝ። መጀመሪያ፥ ለፊቱ የሚስማማው ወደ ቢጫ የሚያዘነብል ሞቅ ያለ ቀለም ነው ወይስ ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብል ቀዝቀዝ ያለ? ሁለተኛ፥ ፈካ ያለ ነው ወይስ ጠለቅ ያለ? ሦስተኛ፥ ጥርት ያለ ነው ወይስ ደብዘዝ ያለ? የወቅቶቹ ስም የእነዚህ ሦስቱ መልስ የሚጠራበት መጠሪያ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በአንድ እሑድ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ልጄ ቁርጥራጭ ጨርቆቿን በመስኮቱ አጠገብ ዘርግታ እናቷን በወንበር አስቀመጠቻት። እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ባለቤቴ እናቷ ካረፉ ጀምሮ ጥቁር ለብሳ ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ዓመት ሲሞላ ዘመዶች የሐዘኑን ልብስ እንድታወልቅ ለምነዋት «እሺ» ብላ ነበር፤ ነገር ግን ጥቁሩን ቀሚስ ስታወልቅ ሌላ ጥቁር ቀሚስ ትለብሳለች። እኔም የእናት ፍቅር ነው ብዬ ዝም አልሁ።

ልጄ የእናቷን ጠጕር በነጭ ጨርቅ ሸፍና መጀመሪያ ጥቁሩን ጨርቅ ከአገጯ በታች ዘረጋችው። ከዓይኗ በታች ያለው ጥላ ጠቈረ፤ በአፏ ግራና ቀኝ ያለው መሥመር ጠለቀ፤ ፊቷም አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ቀጥላ ጥቁሩን አንሥታ የእርድ መልክ ያለውን ቢጫ ዘረጋች። በእውነት እናገራለሁ፤ ፊቷ ከውስጥ መብራት እንደ በራበት ሆነ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ያየኋትን ልጃገረድ አየሁ። ባለቤቴ በመስተዋቱ ብዙ ጊዜ ተመለከተች። ከዚያም ጨርቁን ከአንገቷ አንሥታ በጥንቃቄ አጠፈችና «ይህ ቀለም ለዕድሜዬ አይሆንም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ ሰውነቴ ደነገጠ፤ ቃሉ የእኔ ነበረና። ከአራት ዓመት በፊት በእንቍጣጣሽ ዕለት እንግዶች በቤታችን ሳሉ፥ ባለቤቴ ቢጫ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ ወጣች። እኔም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ምን ይሉኛል ብዬ «ይህ ቀለም ለዕድሜሽ አይሆንም፤ ለልጅሽ ስጪው» አልኋት። የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 37 ዓመት ነበረ። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ገብታ ለውጣ መጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቷ አረፉ፤ ጥቁሩም መጣ። እኔ ሙሉ በሙሉ ሐዘን ነው ብዬ የገመትሁት ነገር እኩሌታው የእኔ ቃል ኖሯል።

በችሎት የሰውን ቃል መልሼ ሳነብለት «እንዲህ አላልሁም» የሚል ብዙ ሰው አይቻለሁ። እኔም በዚያች ሰዓት እንዲህ አላልሁም ለማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሶ በፊቴ ሲመላለስ ስለ ኖረ የምክድበት አፍ አጣሁ። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ «በእንቍጣጣሽ ቀን የተናገርሁት ቃል ስሕተት ነበረ፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ረስተኸዋል ብዬ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም «ጥቁሩን የለበስሁት ለእናቴ ነው፤ ማውለቅ ያቃተኝ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደምለብስ ስላላወቅሁ ነው» አለች። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድን። እኔ ቃል እንዳልናገር ከራሴ ጋራ ተማምዬ ዕቃ ያዥ ሆንሁ። ልጄ ቢጫውን አነሣችላት፤ እናቷ ግን መልሳ አስቀመጠችውና የሸክላ መልክ ያለው ጥለት የተሠራበትን የእጅ ፈትል ነጠላ መረጠች። ወደ ሱቁ ደጃፍ ወጥታ በፀሐይ ብርሃን ከፊቷ ጋራ አስተያየችውና «ይህን» አለች። ምርጫው የእኔም የልጄም አልነበረም፤ የራሷ ነበረ። በማግሥቱም ለብሳው ወጣች። ጎረቤቶቻችን ሲያገኙዋት «ዛሬ ደኅና እንቅልፍ ተኝተሻል መሰለኝ»፥ «ታመሽ ነበር እንዴ፥ አሁንስ ተሻለሽ?» እያሉ ጠየቋት። ስለ ነጠላው ግን አንድም የተናገረ ሰው አልነበረም። ከዚህም የተረዳሁት፥ የሚስማማ ቀለም ማለት ሰው ልብሱን ሳይሆን ፊትን እንዲያይ የሚያደርግ መሆኑን ነው። ጥቁሩን ቀሚስ አልጣለችውም፤ ለለቅሶ ቤት እንዲሆናት አጥፋ በሣጥን አኑራዋለች።

ይህን ሊሞክር የሚወድ ሰው ቢኖር ብዙ ወጪ አያሻውም። ፊትን ታጥቦ፥ ኵልና ቅባት ሳይቀቡ፥ በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ መቀመጥ ነው። የተቀባ ጠጕር ካለ በነጭ ጨርቅ መሸፈን ይገባል። ጨርቁ ሲለዋወጥ ዓይን የሚመለከተው ጨርቁን ሳይሆን ፊቱን ይሁን፤ ጥላው ከቀለለና መልኩ አንድ ወጥ ከሆነ ይስማማል፤ ጥላው ከጠቈረ ወይም ልብሱ ከፊቱ ቀድሞ ከታየ አይስማማም። ነጭ ሁሉም አንድ አይደለም፤ የእጅ ፈትል ሸማ ወደ ወተት ያዘነብላል፤ በፋብሪካ የነጣው ጨርቅ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ለአንዱ ፊት የሚያምረው ለሁለተኛው አያምርም። ደግሞም ኃይል ያለው ለአንገት የቀረበው ቀለም ስለ ሆነ፥ አሮጌውን ልብስ ሁሉ መጣል አያስፈልግም፤ በልብሱና በፊት መካከል የሚስማማ ነጠላ ወይም ሻርፕ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ነገር ግን ለዚህ ትምህርት ከተገቢው በላይ ሥልጣን እንዳንሰጠው። ሁለት መርማሪዎች አንዱን ፊት አይተው በሁለት ወቅት ሊመድቡት ይችላሉ። ስለዚህ እንደ ምስክር ቃል ይመዘናል እንጂ እንደ ፍርድ አይያዝም። የዳኛ ጥቁር ካባ ለሥልጣኑ ክብር የሚለበስ ነው እንጂ ፊትን ለማሳመር አይደለም፤ የሐዘንም ልብስ የራሱ ሕግ አለው፤ በለቅሶ ቀን ማንም ስለ መልኩ አይጨነቅም።

በመጨረሻም ለባሎች አንድ ቃል ልጨምር። የሚስት ፊት በየቀኑ ከብዙ ነገር አጠገብ ይቀመጣል፤ ከሁሉ ይልቅ አጠገቧ የሚውለውና የሚያድረው ግን የባሏ ቃል ነው። የኔታ «ጎረቤቱ ነው ያደመቀው» ያሉትን ዛሬ በዚህ መንገድ እተረጕመዋለሁ። እኔ ለሃያ ዓመት የሰው ቃል ስመዘግብ የገዛ ቃሌን ሳልመዘግብ ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ባለቤቴ ለብሳ ስትወጣ አስቀድሜ ፊቷን እመለከታለሁ፥ ከዚያ በኋላ የምናገረው ካለኝ እናገራለሁ።