የንብ ቅማል ነው ብዬ

ወረታ ዳር፣ ከአባቴ በወረስኩት ቦታ ላይ አራት ዘመናዊ ቀፎ ነበረኝ። አምስተኛውን ያመጣሁት በችኮላ ነው። አደይ አበባ ሳያልፍ መንጋ ካልጨመርኩ ዓመቱ ያመልጠኛል ብዬ ከሌላ ወረዳ ገበያ ንብ ገዛሁ። ሻጩ ቀፎውን መታ ሲያደርገው ንቡ አጉረመረመ፤ በዚያ ድምፅ ብቻ ተማምኜ ገንዘቤን ቆጠርኩለት። ውስጡን አላየሁም።

ጥቅምት ላይ ቀፎው ደጃፍ መሬት ለመሬት የሚድሁ ንቦች አገኘሁ። ክንፋቸው ተጨማዷል፤ ሊበሩ ይሞክሩና ይወድቃሉ። ወዲያው ዓይኔ የጎረቤቴ ማሳ ላይ አረፈ። በእኛ በፎገራ ሩዙም ሽንኩርቱም ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ ንብ ሲሞት መድኃኒት ነው ማለት ለምደናል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ጎረቤቴን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ንቤን ፈጁብኝ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ ዘንድሮ ገና አልረጨሁም" አሉኝ። አላመንኳቸውም። መድኃኒት የነካው ንብ አብዛኛውን ጊዜ ባንዴ ተከምሮ ይረግፋል። የእኔ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ያውም ገና ከእጭነት የወጡት ነበሩ። ልዩነቱን እያየሁ እልኼ እንዳላስተውል አደረገኝ።

አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ቀይ ቡናማ ነጠብጣብ አይቻለሁ። የንብ ቅማል ነው ብዬ ናቅሁት። ይባስ ብዬ፣ አዲሱ ቀፎ እጩ ብዙ ነውና፣ ከእሱ የእጭ እንጀራ አውጥቼ ከነባሮቹ ደካማ ለሆኑት ለሁለቱ ቀፎዎች ሰጠሁ። ታኅሣሥ ሳይወጣ ሦስቱም ቀፎ ባዶ ቀረ።

ያኔ የመጣ ባለሙያ ከቀሩት የአንዱን የተከደነ የድንጉላ እጭ በመርፌ አወጣ። ነጩ እጭ ላይ ሸርጣን የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ተለጥፏል። "እግሩን ቁጠር" አለኝ። ስምንት ነው። የንብ ቅማል ስድስት ነው ያለው። ይህኛው ግን ቫሮዋ የሚባለው፣ መነሻው የእስያ ንብ የሆነ መዥገር ነው። ንቡን ሲመጠምጥ ክንፍ አጣማሚውን ቫይረስ ያስተላልፋል። በትግራይ የተደረገ ጥናት ብዙ ዓይነት ቫይረስ በአገራችን ንብ ላይ አግኝቷል። ለቫይረሱ መድኃኒት የለም፤ የሚቻለው መዥገሩ እንዳይበዛ መጠበቅ ነው።

የእኛ ንብ፣ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች ስም "ሲመንሲስ" ብለው ለብቻው የመዘገቡት ንዑስ ዝርያ ነው። የአፍሪካ ንብ ከአውሮፓው ይልቅ መዥገሩን ይቋቋማል ይባላል። እኔ ግን በገዛ እጄ መዥገሩን ከቀፎ ቀፎ አዛወርኩለት።

ለወጣቶች ቀፎና ንብ ማከፋፈሉን እደግፋለሁ፤ እኔም የጀመርኩት በእንዲህ ያለ ድጋፍ ነው። ከቀፎው ጋር ግን ማጣሪያ ክዳን ያለው አንድ ጠርሙስ ቢሰጠን ምን ነበር! 300 ያህል ንብ ከደቀቀ ስኳር ጋር ሲነቀነቅ መዥገሩ ይረግፋል፤ ይቆጠራል፤ ንቡም አይሞትም።

ጎረቤቴን በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር ብለውኛል፤ እንደ ድሮው ግን ለቡና አይጠሩኝም።

ዘንድሮ ንብ ልትገዙ ያሰባችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ቀፎውን አስከፍቱ፤ የተከደነ እጭ አውጥታችሁ እዩ።