ከሞኬቱ ሥር

ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ሲያስፈታ የሚውል አንድ ትራንዚተር ባለፈው ክረምት ያገለገለች መኪና ገዛ። የእቁቡ ብር፣ የሚስቱ ቁጠባ፣ ከወንድሙ የተበደረው፣ ሁሉም እዚያ ገባ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪናም ተፈላጊ ነውና ብዙም አልተከራከረም። የኋላ ኮፈኑ ሞኬት ላይ ቡናማ እድፍ አይቶ ሲጠይቅ፣ ደላላው «ዘይት ነው ጋሼ፣ ላቫጆ ይለቃል» አለው።

ላቫጆ ወሰዳት። ታጠበ፣ ነጣ። በሦስተኛው ቀን እድፉ ተመለሰ፤ ሽታም ጨመረ።

ነገሩ አይገርምም። ከሞኬቱ ሥር ውሃ የሚጠጣ ስፖንጅ አለ። ላዩ ሲደርቅ ሥሩ እንደራሰ ይቀራል፤ ቆሻሻውም እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ነቅሎ ማውጣት፣ በሳሙና አጥቦ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ መስቀል ነው። የፈሰሰው የበዓል ቅቤ ከሆነ (የማን መኪና ላይ ነው ያልፈሰሰው?) መጀመሪያ ዱቄት ነስንሶ ማሳደር ይረዳል። በረኪና ግን ቀለሙን ይበላል።

ሰውየው ሞኬቱን ሲነቅል ዘይት አላገኘም። ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ደለል፣ ብሎኖቹ ላይ ዝገት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ የውሃ መስመር ነበር። ዘይት እንዲህ አያሰምርም። መኪናዋ ጎርፍ ውስጥ ቆማ ነበር።

ጎርፍ የገባበት መኪና ደግሞ ታጥቦ ይሸጣል እንጂ ሁልጊዜ አይጣልም። በአውሮፓውያኑ 2017 ሃርቬይ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ፣ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዱባይ በዝናብ ስትዋጥ፣ ብዙ መኪኖች ውሃ ውስጥ ቀርተዋል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳት የመኪናው ባለቤትነት ሰነድ ላይ ይጻፋል። መኪናው አገር ሲቀይር ግን ያ ጽሑፍ ገዢው እጅ ላይደርስ ይችላል።

ጉምሩክ የመኪናን ዕድሜና የሞተር መጠን የሚያየው ቀረጥ ለማስላት ነው። ሞኬት ማንሳት የገዢው ሥራ ነው፤ ያውም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት። ባረጀ መኪና ውስጥ አዲስ ሞኬት ሲታይ ደግሞ ከእድፉ ይልቅ እሱ ያስጠረጥራል። ሻጭ ንጹሕ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ቢሆንም ይጠየቅ።

ትራንዚተሩ አሁን ወንበሮቹን አስነቅሎ ሽቦ እያስፈተሸ ነው፤ ከኤርባግ መስመሮች አንዳንዶቹ በዚያ ያልፋሉና። ደላላው በስልክ «ምን አስነቀለህ?» ብሎታል። ሞኬቱ ግቢው አጥር ላይ ተሰጥቷል።